ሰማንያ ግራም

ኦይቫ አውራ ጣቱን ሉኩ ላይ ያሳርፋል፤
ዐይኑን ጨፈን አድርጎ በጣቱ ያነባል።
«ይኼ ሰማንያ ግራም። የእኛው ነው፣ የአራተኛው።
ይኼኛው ከውጭ የመጣ፤ ሻካራ ነው ጀርባው።»
ሠላሳ አራት ዓመት፣ ቀንም ሌትም ተራ፣
ከአራተኛው ማሽን ጋር በጩኸት ሲያወራ፣
የግራ ጆሮውን እዚያው ጥሎት ወጣ፤
ጣቱ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ነገር አላጣ።

ከወንዙ ማዶ ይታያል፣ ጭሱን የረሳ ጭስ ማውጫ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳይሚ ልጁ መጣች፣
ስልኳን አወጣችና መነጽሯን ጠረገች።
የከተማው ቢሮ፣ እሷ ያለችበት፣
ካለፈው መስከረም ወዲህ ማተም ቀርቶበት፣
ፊርማው በጣት ንክኪ፣ መዝገቡ ደመና ላይ፣
አንድ ፋይል አይታይም ከመደርደሪያው ላይ።
«ሰው ሳስተምር ከርሜ፣ ወረቀት ተዉ እያልኩ፣
ያባቴን መሳቢያ እንዴት ዝም አልኩ?»

አራት መሳቢያ ሙሉ፤ የመብራት፣ የውሃ ቢል፣
የጥርስ ሐኪም ደረሰኝ፣ የጀልባ ሞተር ውል፣
የማቀዝቀዣ መመሪያ፣ በስድስት ቋንቋ የተጻፈ፤
(ማቀዝቀዣው ከሞተ አሥር ዓመት አለፈ።)
«የተጻፈ ይወረሳል» ይባላል በእኛ አፍ፤
ማን ይወርሰዋል ግን የመንጋጋ ደረሰኝ ጽሑፍ?

እሷ ቀጭ፣ ቀጭ ታደርጋለች፤ እሱ ገጹን ያቀብላል፣
ከማቀበሉ በፊት ግን አንዴ ይዳስሳል።
«ይኼኛውስ?» «ሰባ አምስት። የስስታም ሥራ ነው።»
«አባዬ፣ ክብደቱን አይደለም፤ ዘመኑ መቼ ነው?»

ወዲያው ቀና አለች፦ «የጡረታ ፋይሉ
አንድ ነገር ጎደለው፤ ሌሎቹ ተሟሉ።
ፋብሪካው ሲዘጋ የሰጡህ ደብዳቤ፣
ፈልጌ አጣሁት፤ ዛለ እኮ ወገቤ።»

ሳቀ። ሳል እስኪቀድመው ሳቀ።

«ደብዳቤ የለም፣ ልጄ። የሌሊት ተራ ነበርኩ፤
ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ፤ ጓንቴን አወለቅኩ።
ሦስት መስመር መልእክት፣ በስልክ፣ እኩለ ሌሊት፤
አራተኛው ይቆማል አለን፤ ቆምንለት።
ሰባት ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ከፊቴ ይሮጣል፤
እኔን ማሰናበቻ ግን አንድ ሉክ ታጥቷል።»

ሳይሚ ዝም አለች። ስልኩ በእጇ ላይ ጠቆረ።
ምን ትበል? ታውቀዋለች ቢሮው እንዴት እንደነበረ፦
ለዘጠኝ ሰው ስብሰባ ሁለት መቶ ገጽ ታትሞ፣
ማንም ሳይገልጠው ውሎ፣ የስኒ ክብ ማኅተም ተሸክሞ፣
ማታ ማታ መቁረጫው በጥርሱ ሲያኝከው፣
እሷ ነበረች እየጠቀለለች የምታጎርሰው።
አባት ሌሊት የወለደውን ልጅ ቀን ታስበላለች፤
ይህን ግን ለእሱ አንድም ቀን አልነገረች።

ከአራተኛው መሳቢያ፣ ከሁሉም በታች፣
በሁለት ካርቶን መሐል አንዲት ሉክ ተገኘች፤
ነጭ። አልተጻፈባትም። ጠርዟ በቢላ የተቆረጠ።
ስልኩ ከፍ ዝቅ አለ፤ መብራቱን ገለጠ፤
ፈለገ፣ ፈለገና ጻፈ በመጨረሻ፦
«ሰነድ አልተገኘም።»
«ልክ ነው» አለ ኦይቫ፤ «የለውም ማስታወሻ።
ያን ሌሊት ከጥቅሉ በቢላ የቆረጥኩት ነው፤
ሰማንያ ግራም» ብሎ መልሶ አኖረው።

የቀረው በሦስት ካርቶን በር ላይ ተደረደረ፤
ነገ የሚሰበስበው መኪና ይመጣል፤ ወሬው አደረ።
አራቱ መሳቢያ ተጭኖበት ስልኩ፣
አንዲት ግራም እንኳ አልጨመረ በልኩ።

ሲመሽ (መሽቶ ባይመሽም፣ የሰሜን ግንቦት ነውና)
ጫካው ዳር ቆሙ፣ የመኪናውን መንገድ አለፉና።
ወንድሙ ለፋብሪካው ብሎ የተከለው በርች ገዘፈ፤
ቆራጭ ሳይመጣለት፣ ቅርፊቱን ራሱ እየላጠ አራገፈ፤
ነጭ፣ ስስ፣ ማንም ያላዘዘው።

ሳይሚ አንዱን አነሳች፤ ለአባቷ ዘረጋች።
«ስንት ግራም?» አለች።

ኦይቫ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ነፋሱ አልቆመም።
ዐይኑን ጨፈነ። ቆየ።
«እንጃ። ይኼስ የእኛ አይደለም።»